እናቴ አንቱ ስትለኝ፦ ከውጭ አገልግሎት ጎጃም ለዕረፍት የምትገቡ፣ ለቤተሰብ ስንት ቀን ትሰጣላችሁ?

ቄስ ዘአዋበል (ክሩን የጀመረው) · ኅዳር 8፣ 2017

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከኪንግስተን፣ ጃማይካ ነው። ለአገልግሎት ተልኬ እዚህ ከመጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴና የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጃችን አብረውኝ አሉ። ከጥምቀት ማግስት ወደ ሀገር ቤት ልንገባ አስበናል። የተፈቀደልኝ ሃያ ስምንት ቀን ነው። የመንገዱ ሲወጣለት ሃያ አራት ይቀራል።

ከሃያ አራቱ ቀን ለእናቴ ስንቱን ልስጣት? ጥያቄዬ ይኸው ነው።

ለምን እንደምጠይቅ ልንገራችሁ። ባለፈው የገባሁት በ2014 ጥር ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሰነድ ሳስጨርስና ዘመድ ስጠይቅ ስድስት ቀን አለቀ። ደብረ ማርቆስ ስደርስ «መምህር ከውጭ መጥተዋል» ተባለና ጉባኤ ተጠራ። ሦስት ምሽት እዚያ አስተማርሁ። ሉማሜ ሁለት ምሽት። ከዚያ ክርስትና፣ ሰንበቴ፣ የታመመ መጠየቅ፣ ለቅሶ መድረስ። እንቢ የምለው አልነበረም። ደግሞም የተጠራሁለት ሥራ ነው፤ ደስ ብሎኝ ነው የሄድሁት። ሲቆጠር ግን እናቴ ቤት ያደርሁት አምስት ሌሊት ብቻ ሆነ። በአምስቱም ቤቱ ሰው ሞልቶት ነበር። እሷ ጓዳና ምድጃ፣ እኔ መደብ ላይ። አንድም ጊዜ ብቻችንን አልተቀመጥንም።

ከሁሉ የከበደኝ ሌላ ነው። ቅስና የተቀበልሁት ከሀገር ልወጣ አንድ ዓመት ሲቀረኝ ነው። እቤት ሳለሁ ዲያቆን ነበርሁ፤ ለእናቴ ልጇ ነበርሁ። በ2014 በር ላይ ስደርስ መስቀል ተሳለመች። ጉልበቷን ልስም ጎንበስ ስል ያዘችኝ። «ይተዉ አባቴ፣ አይሆንም» አለችኝ። ምግብ ሲቀርብ «ይብሉ እንጂ፣ አፈር ስሆን»። ስነሣ «ይቀመጡ»። እናቴ አንቱ አለችኝ። ክህነቱን ማክበሯ ነው፣ ይገባኛል። የሀገሬ ወግ ነው። ግን ሌሊት ተኝቼ አለቀስሁ። ለሌላ ሰው እንግዳ መሆን ችያለሁ። ለእናቴ እንግዳ መሆን አልቻልሁም።

በዚያ ጉዞ አባቴ ነበር። ዘንድሮ የለም። ስለዚህ ያለፈውን ስሕተት መድገም አልፈልግም። ከእናንተ መካከል በአገልግሎት ውጭ የምትኖሩ፣ ወይም ወንድምና እኅታችሁ የሄዱባችሁ፣ ምከሩኝ።

---

ዲያቆን ዘደብረ ኤልያስ · ኅዳር 8

ቀሲስ ይፍቱኝ። ምክር የምሰጥ አይደለሁም፤ ገና ቅኔ ቤት ነኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እዚያ ኑሮው እንዴት ነው? የእኛ ትምህርት እዚያ ምን ይሠራል? አኮፋዳ ተሸክመን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን የተማርነው ለጃማይካ ሰው ምን ይሆነዋል? መምህሮቻችንን ስንጠይቅ «ሂድና እይ» ይሉናል።

---

ቄስ ዘአዋበል · ኅዳር 9

እግዚአብሔር ይፍታ ዲያቆን። ጥያቄህ ከእኔው ይበልጣል፤ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ቤተ ክርስቲያናችን በጃማይካ የተመሠረተችው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ያኔ ያገለገሉት አባ ላእከ ማንደፍሮ፣ በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባት ናቸው። ከዚያ ቀደም ብሎ ሚያዝያ 13፣ 1958 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጃማይካን ጎብኝተው ነበር። ያን ቀን የአውሮፕላን ማረፊያውን ሕዝብ አጥለቀለቀው። ሽማግሌዎቹ ዛሬም ሲያወሩት ዕንባቸው ይመጣል። ብዙዎቹ ወደኛ የመጡት በራስ ተፈሪያን መንገድ ነው። ስለ ንጉሡ የሚጠይቁኝን ጥያቄ አንድ ቀን መልሼ አልጨርሰውም። አልቆጣም፣ አላቃልልም። ንጉሡ ራሳቸው የተጠመቁ፣ የሚያስቀድሱ ምእመን እንደነበሩ እነግራቸዋለሁ። እሳቸው የሰገዱለትን አምላክ አብረን እናምልክ እላለሁ። አንዳንዱ በአንድ ዓመት ይጠመቃል። አንዳንዱ አምስት ዓመት ከበር ቆሞ ይሰማል። የቆመውም የኔ ነው።

ቅዳሜ ግእዝ አስተምራለሁ። የስድሳ ዓመት ሰው «አቡነ ዘበሰማያት» ብሎ በጣቱ ፊደል ሲከተል ብታየው፣ የኔታ ፊት ቁጭ ያልሁበት ቀን ትዝ ይለኝና ልቤ ይሞላል። ቅዳሴው አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ግእዙ እየገባበት። ከበሮና ጸናጽል ግን ማንም ሳያስተምራቸው ይገባቸዋል። ሀገሩ የከበሮ ሀገር ነው።

የቆሎ ትምህርት ምን ይሠራል ላልኸው፣ መልሱ ትዕግሥት ነው። ውሻ እየነከሰህ፣ ዝናብ እየመታህ፣ አንዲት ቅኔ ለመቁጠር ሌሊት የተቀመጥህ ሰው በማይገባህ ቋንቋ መካከል ሁለት ዓመት ዝም ብለህ መስማት አይከብድህም። ለምነህ መብላትን ስለምታውቅ የሰው እጅ ማየት አያሳፍርህም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት የኖርሁት አንዲት ሽማግሌ ምእመን በየቀኑ በምትልክልኝ ሳህን ነው።

ስለ ምግብ ካነሣን፣ ጾሙ አልከበደኝም። ራስ ተፈሪያኖቹ አይታል የሚሉት ምግብ አላቸው። ሥጋ የለበትም፣ ብዙዎቹ ጨውም አያደርጉበትም። ካላሉ የሚሉት ቅጠል ጎመን ይመስላል። ያም ይቀቀላል፣ ሩዝና ባቄላ በኮኮናት ወተት ይሠራል። ባለቤቴ ጤፍ በውድ እየገዛች ከሩዝ ዱቄት ጋር ትደባልቃለች። ማርቆስ ብርድ ላይ ሦስት ቀን የሚፈልገው ሊጥ እዚህ በአንድ ቀን ይኮመጥጣል። እናቴ ይህን ስትሰማ «ምን ዓይነት ፀሐይ ነው?» ብላ ገረማት።

ከባዱ ሰዓቱ ነው። ልዩነታችን ስምንት ሰዓት ነው። እሑድ ቀድሼ፣ ሰው ሸኝቼ ስጨርስ ቀን ስድስት ሰዓት ይሆናል። እናቴ ጋ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። ገጠር ደግሞ ማታ በጊዜ ነው የሚተኛው። እሷ እኔን ለመስማት ምድጃው አጠገብ እያንጎላጀች ትጠብቃለች።

---

ቤት የቀረሁት · ኅዳር 10

ቀሲስ ይፍቱኝ። እኔ ከሄዱት ወገን ሳልሆን ከቀሩት ነኝ። ታላቅ ወንድሜ መነኩሴ ነው፣ አውሮፓ ያገለግላል። እናታችንን የምጦረው እኔ ነኝ፣ ሞጣ አካባቢ። ስለዚህ በእርስዎ እናት ቤት ውስጥ የሚሆነውን ከጓዳ በኩል ልንገርዎት።

«እመጣለሁ» ብሎ ሲደውል እናቴ አታርፍም። ከሦስት ሳምንት በፊት ብቅሉ ይበቅላል፣ ጌሾው ይወቀጣል። ቤቱ እንደገና ይመረጋል። ከእድር ብርጭቆና አግዳሚ እንዋሳለን። በግ ይታሰራል። ያለፈው ጊዜ ሁለት በግ አርደን ሦስተኛውን በዱቤ ገዛን። እሱ ይህን አያውቅም፣ እንዲያውቅም አልፈለግንም። ሲመጣ ቤቱ ሙሉ ነበር፣ ደስ ይላል። እናቴ ግን ያን ሁሉ ቀን ያሳለፈችው ጭስ ውስጥ ነው። ልጇን ያየችው ሳህን ስታቀብለው ነው።

ሲሄድ እግሯ አብጦ ሁለት ሳምንት ተኛች። እኔም ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም። አሁን ግን በማን ልናደድ? እሱም ድካም አለበት። እሷም እንዲያ ካላደረገች ሰው ምን ይላል ትላለች።

እናቴ እስከ ዛሬ የምታወራው የቱን እንደሆነ ልንገርዎት? ጉባኤውን አይደለም። ያመጣላትን ጋቢም አይደለም፤ ጋቢው ሳጥን ውስጥ ነው። አንድ ጠዋት ማንም ሳይመጣ ተነሥቶ የጓሮውን ድንች አብሯት ቆፈረ። ያንን ነው የምታወራው። «እንደ ልጅነቱ አፈሩን እየነፋ» ትላለች። ቆብ ያለው መነኩሴ አፈር ሲነካ መጀመሪያ አፍራ ነበር። በኋላ ግን ለጎረቤት ሁሉ ነገረችው።

ስለዚህ የኔ ምክር ይህ ነው። የሚገቡበትን ቀን ለማንም አይንገሩ። ለእናትዎም ቢሆን «በዚህ ሰሞን» ይበሉ እንጂ ቀን አይቁረጡ። ጠላ የሚጠመቅበት ጊዜ አይስጧት። ለጎረቤት ከሦስተኛው ቀን በኋላ ይነገር። ይቀየማሉ፣ ግን ይረሱታል። ለበጉ የሚያስቡትን ብር ቀድመው ላጠገቧ ላለው ሰው ይላኩ፣ ለእሷ አይደለም፤ ለእሷ ከላኩት ያው ድግስ ይሆናል።

ደግሞ ስኳርና ከረሜላ አያብዙ። ዳዊት የምትደግምበት መነጽር፣ በፀሐይ የሚሞላ ባትሪ፣ የጉልበት ቅባት። እነዚህን ነው የምትፈልገው፤ አትጠይቅዎትም እንጂ።

---

ቢቸናዊ · ኅዳር 10

የእኅታችንን ያንብቡ ቀሲስ፣ ሌላ አያስፈልግም። እኔ የመንገዱን ብቻ ልጨምር።

እንደ 2014 እንዳይመስልዎት። ድሮ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጎሃ ጽዮን ቁርስ በልቶ፣ ዓባይን ወርዶ ወጥቶ፣ ደጀን ቡና ጠጥቶ ለምሳ ማርቆስ ይደረስ ነበር። መንገዱ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ግን መንገዱ ሲከፈት ይሄዳሉ፣ ሲዘጋ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ከሃያ አራቱ ቀን ቢያንስ አምስቱን ለመጠበቅ ይተዉ። ኔትወርክም ስለሚቋረጥ «ዛሬ ካልደወልሁ አትደንግጡ» ብለው ለሁለቱም ወገን አስቀድመው ይንገሩ። የመመለሻ በረራ ሦስት ቀን ሲቀረው አዲስ አበባ ይግቡ። ካልሆነም እናትዎ ማርቆስ ድረስ ይምጡልዎት።

---

አወያይ · ኅዳር 10

ውይይቱ መልካም ነው። የምትጓዙበትን ቀንና የቀበሌ ስም ግን እዚህ አትጻፉ፤ ለራሳችሁ ደኅንነት ነው። አንድ መልእክት በዚህ ምክንያት አስተካክያለሁ።

---

ወንጌላዊው ከሎድዋር · ኅዳር 12

ሰላም ቀሲስ። ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነኝ። የተወለድሁት ፍኖተ ሰላም አካባቢ ነው። ቤተሰቤ በሙሉ ኦርቶዶክስ ነው። በዚህ ክር ላይ ልጻፍ አልጻፍ ሁለት ቀን አሰብኩ። ጥያቄው የእናት ስለሆነ ጻፍኩ።

የማገለግለው ሰሜን ኬንያ፣ ቱርካና ነው። ሙቀቱ ከሰላሳ አምስት ዲግሪ በላይ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል። ሰዉ ፍየልና ግመል ይዞ ውሃ ተከትሎ ይሄዳል። ሴቶች የደረቀ ወንዝ አሸዋ ቆፍረው ውሃ ይቀዳሉ። ቤተ ክርስቲያናችን ዛፍ ጥላ ነው። ሕዝቡ ሲንቀሳቀስ እኛም እንከተላለን። ቋንቋቸውን ለመስማት ሦስት ዓመት ወሰደብኝ። አንዳንዴ ሐይቁ ዳር ስቆም የኦሞ ወንዝ ከሀገሬ ወርዶ እዚህ እንደሚገባ አስባለሁ። ለልቤ ያጽናናኛል።

ቤቴ የገባሁበት የመጀመሪያ ጊዜ ክፉ ነበር። ዘጠኝ ቀን ቆየሁ፣ ዘጠኙንም ተከራከርኩ። ከአጎቴ፣ ከወንድሞቼ፣ ከንስሐ አባታቸው ጋር። እናቴ ሁሉንም ጥግ ተቀምጣ ሰማች። ስሸኝ «ልጄ፣ ድምፅህን ሰማሁት፣ አንተን ግን አላየሁህም» አለችኝ። ይህን ቃል ተሸክሜ ቱርካና ተመለስኩ።

ሁለተኛው ጊዜ ሳልናገር ሄድኩ። ሁለት ነገር አደረግኩ። በእናቴ ቤት ረቡዕና ዓርብ እሷ የምትበላውን ሽሮ በላሁ፣ እሷ በምትበላበት ሰዓት። እሷ አልጠየቀችኝም። እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን እስከ ደጀ ሰላሙ አደረስኳት። ጉልበቷ ስለሚያማት ክንዴን ትይዛለች። ከውጭ ዋርካው ሥር ቁጭ ብዬ ቅዳሴው እስኪያልቅ ጠበቅኳት። ሰዉ ያየኝ ነበር፣ አንዳንዱም ይሳለቅ ነበር። እሷ ግን ወጥታ ክንዴን ስትይዝ፣ ቀሲስ፣ የተያዘው ክንዴ ብቻ አልነበረም።

እኔም አንድ ነገር ልጨምር። ከቤቱ ሥራ አንዱን የራስዎ ያድርጉት። በየቀኑ፣ ያንኑ። እንግዳ ሥራ የለውም። ሥራ ያለው ሰው የቤት ሰው ነው።

---

ቄስ ዘአዋበል · ኅዳር 13

ወንድሜ ከሎድዋር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የምንለያይበትን ሁለታችንም እናውቃለን። የጻፍኸውን ግን ለባለቤቴ አነበብሁላት፤ ሁለታችንም ዝም አልን። ዋርካው ሥር ስለ ጠበቅሃት እናት አምላክ ይባርክህ።

እኅቴ «ቤት የቀረሁት»፣ ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። በጉ በዱቤ መገዛቱን ሳነብ የኛም ቤት ትዝ አለኝ። ለእናቴ አጠገብ ላለው ወንድሜ ደውዬ ጠየቅሁት። መጀመሪያ ካደ፣ በኋላ ሳቀ። እኛም ቤት እንደዚያው ነበር።

ስለ አባቴ ሳልናገር አልፌ ነበር፤ አሁን ልናገር። ያረፈው በ2015 ሰኔ ነው። እኔ የሰማሁት በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። በስልክ መርዶ እንደማይነገር ታውቃላችሁ። ያን ሰሞን ስደውል «ወጣ ብሏል»፣ «ተኝቷል»፣ «ማርቆስ ሄዷል» ይሉኝ ነበር። አባቴ በሰኔ፣ በእርሻ ጊዜ፣ ማርቆስ ምን ያደርጋል? ልቤ ያውቅ ነበር። ግን አልጠየቅሁም። ካልተነገረኝ በሕይወት አለ ብዬ ነው።

አንድ ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል በራችን ተንኳኳ። አብሮኝ የሚያገለግለው ቄስና ያቺ ሳህን ትልክልኝ የነበረች ሽማግሌ ምእመን ነበሩ። ኪንግስተን ላይ ለመርዶ የሚሰበሰብ የሀገር ሰው ጥቂት ነው። ወንድሜ ከጎጃም ደውሎ ለቄሱ ነግሮታል። ቄሱ ብቻውን መምጣት ከበደውና እሷን ይዞ መጣ። በሩን ስከፍት አማርኛ የማታውቀው ሴት ቀድማ አቀፈችኝ። ቄሱ አፉን ሳይከፍት ገባኝ።

ጃማይካውያን የሟችን ዘጠኝ ሌሊት የሚያስቡበት ልማድ አላቸው። ሰው ማታ ማታ ይሰበሰባል፣ ይዘምራል፣ ይበላል፣ ዶሚኖ ይጫወታል፣ ለቅሶኛው ብቻውን አያድርም። የአባቴ ቀን አልፎ ነበር። እነሱ ግን እኔ ከሰማሁበት ቀን ጀምረው ቆጠሩልኝ። ዘጠኝ ሌሊት መጡ። እንደ ልማዳቸው የተጠበሰ ዓሣና ዳቦ ሊያመጡ አስበው፣ የሐዋርያት ጾም ላይ መሆኔን ሲሰሙ ካላሉና ያም አመጡ። አንዱ ሽማግሌ «አባትህ ምን ያርስ ነበር?» አለኝ። ጤፍ አልሁት። እንዴት እንደሚዘራ ጠየቀኝ። ከበሬ ጀምሬ እስከ አውድማ ነገርሁት። ጤፍ እንደ አሸዋ ደቃቅ መሆኑን ሳሳየው መዳፉን ዘረጋ፣ ምንም ሳይኖርበት። የአባቴን ለቅሶ የተቀመጥሁት እንዲህ ነው።

አርባውን እናቴና ወንድሞቼ አወጡ። እኔ የላክሁት ብር ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ስትስል በስልክ ከሰማሁ እንቅልፍ የለኝም። ምን ደበቁኝ እላለሁ። እኔም ግን እደብቃታለሁ። ሰኔ 26፣ 2016 ቤሪል የሚባለው ከባድ አውሎ ነፋስ በደሴቲቱ ደቡብ በኩል ሲያልፍ መብራት ጠፋ፣ ጣራ ተነቀለ። እኛ ሦስታችን መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ውዳሴ ማርያም ስንደግም አደርን። ለእናቴ «ትንሽ ዘነበ» አልኋት። «ለእህሉ ጥሩ ነው» አለችኝ።

---

ነርሷ ከባሕር ዳር · ኅዳር 14

ቀሲስ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። አጠር አድርጌ የሙያዬን ልናገር።

ከባሕር ጠለል ተነሥተው ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የሚወጡት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን ዳገት አይሩጡ፣ ልጅዎን በተለይ። ራስ ምታትና የትንፋሽ ማጠር ይኖራል፣ ያልፋል። የጥር ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ ወፍራም ልብስ ይያዙላት። ውሃ አፍልተው ይስጧት። ወደ ጃማይካ ሲመለሱ የቢጫ ወባ ካርድ ይጠየቃሉ፤ አሁኑኑ ያለበትን ይፈልጉ። በካናዳ ወይም በአሜሪካ በኩል ከሆነ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የትራንዚት ቪዛ ያስፈልጋል፣ ጊዜ ይወስዳል።

ለእናትዎ ደግሞ የደም ግፊት መለኪያ ይግዙላቸው። አጠቃቀሙን አጠገባቸው ለሚኖረው ሰው ያስተምሩ። «ምን ደበቁኝ» ለሚሉት ጭንቀት ትንሽ ያግዛል፤ በየሳምንቱ ቁጥሩን ይጠይቃሉ።

---

ዲያቆን ዘደብረ ኤልያስ · ኅዳር 14

መምህሬን አንቱ ስለሚባሉ ካህን ልጆች ጠየቅኋቸው። የሳቸውም እናት አንቱ ይሏቸው ነበር። «ታዲያ ምን አደረጉ?» አልኋቸው። «እማማ ሞቱ» አሉኝ። ሌላ አልነገሩኝም።

---

ቄስ ዘአዋበል · የካቲት 5፣ 2017

ማርቆስ ነኝ። ኔትወርክ ስለተገኘ ነው። አዲስ አበባ ላይ መንገድ ስንጠብቅ አራት ቀን ቆየን፤ ቢቸናዊ የመከርኸኝ ደረሰ። ዓባይን የተሻገርነው በአምስተኛው ቀን ነው። ልጄ ገደሉን ስታይ እጄን ይዛ አለቀቀችም። እናቴ ጋ አሥራ አንድ ሌሊት አደርሁ። ጉባኤ አንድ ብቻ፣ ለነገ። ሌላውን እንቢ አልሁ፤ አንዳንዶች ተቀይመዋል። ሙሉውን ኪንግስተን ስገባ እጽፋለሁ። ጾመ ነነዌ ዛሬ ያበቃል፣ እንኳን አደረሳችሁ።

---

ቤት የቀረሁት · የካቲት 5

አሥራ አንድ! እልል ብያለሁ።

---

ቄስ ዘአዋበል · የካቲት 24፣ 2017

በሰላም ገብተናል። ቃል እንደገባሁት ልጻፍ።

ቀን አልነገርኋትም። ከሰዓት በኋላ ስንደርስ ማጀት ውስጥ ጥሬ እያበጠረች ነበር። ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ። ልጄን አቀፈቻት፣ እኔን መስቀል ተሳለመች። ያው «እንደምን ሰነበቱ አባቴ» አለችኝ። ምንም አልተቀየረም። ጠላ ግን አልተጠመቀም፣ በግም አልታሰረም። ማታ ሽሮና ጎመን በላን። ከበላን በኋላ ስለ አባቴ አወራን። የሞተበትን ቀን፣ ምን እንዳለ፣ ማን እንደ ገነዘው። ሁለት ዓመት ያልተነገረኝን በአንድ ማታ ሰማሁት። ሁላችንም አለቀስን። ልጄ ሁሉም ባይገባትም የአያቷን ነጠላ ጫፍ ይዛ አለቀሰች።

በማግሥቱ በረት መጥረግ ጀመርሁ። በልጅነቴ የኔ ሥራ ነበር። እናቴ ደንግጣ ወጣች። «ኧረ ይተዉ፣ ቄስ በረት አይጠርግም፣ ሰው ያያል» አለች። ከምሰብከው ሁሉ ይህን ማስረዳት ከበደኝ። «እማዬ፣ ቅዳሴ የምገባው እሑድ ነው፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው» አልኋት። መጥረጊያውን ልትቀማኝ ሞከረች። አልሰጠኋትም። ሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። በሦስተኛው ዝም አለች። በአራተኛው መጥረጊያውን በር ላይ አስቀምጣልኝ አገኘሁ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት በረቱን ጠርጌ፣ ልጄ ፀሐይዋ ስትወጣ ልታሳየኝ ጠርታኝ ወጣሁ። የጥጃውን መዝጊያ አልመለስሁትም። ጥጃው ወጥቶ እናቱን አጥብቆ ጠባ። እናቴ ቅሉን ይዛ ልታልብ ስትመጣ ላሚቱ ጡቷ ባዶ ነው። የዚያን ቀን ወተት የለም፣ ለቅቤ የሚጠራቀምም የለም።

እኔ ጓሮ ነበርሁ። ድምፅዋ እስከ መንገዱ ተሰማ።

«አንተ! ዛሬም በሩን ከፍተህ ሄድህ? ስንት ጊዜ ልንገርህ አንተ ልጅ!»

ልጄ ደንግጣ ወደኔ አየች። «አያቴ ተቆጣች» አለችኝ በእንግሊዝኛ። ባለቤቴ ከቤት ወጥታ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እናቴም ያለችውን የሰማችው ከወጣ በኋላ ነው መሰለኝ፣ ቅሉን እንደያዘች ቆመች። እኔ ሄጄ ጉልበቷን ሳምሁ። አልከለከለችኝም። ራሴን በእጇ ዳሰሰችኝ፣ ጥምጥሜ ተፈትቶ ነበርና።

ሌላውን ሁሉ አልጽፈውም። ድንቹንም ቆፈርን። መነጽሩን አድርጋ ዳዊት ስትደግም ልጄ አጠገቧ ፊደል ቆጠረች። የግፊት መለኪያውን ወንድሜ ተምሮታል። ስንሸኝ እስከ ወንዙ መጣች።

ትናንት እሑድ ነበር። ቀድሼ፣ ሰው ሸኝቼ፣ ስልኬን ሳወጣ ስድስት ሰዓት ሆኗል። እሷ ጋ ምሽት ሁለት ሰዓት። አንዴ እንደጠራ አነሣችው። እንደምን ነሽ እስክላት አልጠበቀችም።

«አንተ፣ እህል ቀመስህ?» አለችኝ።